ሃይሮግሊፍን ከዕቃ መለያዎች ጀምሬ እንዴት ተማርኩት

ሃይሮግሊፍ፣ ማለትም የጥንት ግብፆችን የሥዕል ጽሕፈት፣ ልማር የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው 24 ምልክቶች የተደረደሩበት «የፊደል ገበታ» ነው፤ ጉጉት «መ»፣ አፍ «ረ»፣ የውሃ ሞገድ «ነ»። በእሱ ስምን መጻፍ ደስ ይላል፤ የመቃብር ጽሑፍ ግን አያስነብብም። ስለዚህ ገበታውን ትቼ፣ ግብፆች ራሳቸው ጽሕፈትን ባሳደጉበት ቅደም ተከተል ልከተላቸው አልኩ።

ጉዞው በጥንታዊቷ የግብፅ ከተማ በአቢዶስ ይጀምራል። ጀርመናዊው አርኪዮሎጂስት ጉንተር ድሬየር በ1988 እ.ኤ.አ. «ዩ-ጄ» በሚባለው መቃብር ከአጥንትና ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ የክር ቀዳዳ ያላቸው ከ150 በላይ ትናንሽ መለያዎች አግኝቷል። የተሠሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ገደማ ነው። ጸሎትም ገድልም የለባቸውም፤ ቁጥርና ስም ብቻ። የሚያናግራችሁ ካህን ሳይሆን የግምጃ ቤት ሰው ነው። በአንዱ ላይ ሽመላና ዙፋን ተስለዋል፤ ድሬየር ሽመላውን «ባ»፣ ዙፋኑን «ስት» ብሎ በናይል ዴልታ የምትገኝ የባስት ከተማ ስም አድርጎ አንብቦታል። በዚህ ንባብ የማይስማሙ ሊቃውንት አሉ። ለእኔ ግን ሥዕል እንዴት ድምፅ እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ማሳያ አልነበረም።

በሂራኮንፖሊስ በተገኘው የናርመር ሰሌዳም የንጉሡ ስም በአምባዛና በመሮ ነው የተጻፈው፤ አምባዛው «ናር»፣ መሮው «መር»። (ከእኛው «መሮ» ጋር ይዛመዳል እያልኩ አይደለም፤ ለማስታወስ ግን ሌላ ዘዴ አላስፈለገኝም።)

ገበታው ፈጽሞ የማይነግራችሁ ግን ቀጣዩን ነው። «ፐር» ተብሎ የሚነበበው የቤት ሥዕል ከሥሩ አንድ ጭረት ካለው ቤት ማለት ነው። አፍና የሚራመዱ እግሮች ከተከተሉት ደግሞ «መውጣት» የሚል ግስ ይሆናል። አፉ «ረ» የሚለውን ድምፅ ያስረግጣል፤ እግሮቹ አይነበቡም፣ ቃሉ የእንቅስቃሴ መሆኑን ብቻ ይጠቁማሉ። ያው ምልክት አንዴ ድምፅ፣ አንዴ ሙሉ ቃል፣ አንዴ ዝም ያለ ጠቋሚ ነው፤ የሚለየው በጎረቤቶቹ ነው። ምልክትን ለብቻው መሸምደድ ያቆምኩት ለዚህ ነው፤ ቃሉን እንዳለ በእጄ እገለብጣለሁ። ንባቡ ከየት እንደሚጀምር የሚያሳዩት ሰዎቹና እንስሳቱ ናቸው፤ ፊታቸው ወደዞረበት ጫፍ ሄዳችሁ ከዚያ ትጀምራላችሁ።

አናባቢ አለመጻፉ ብዙ ጀማሪ ያስፈራል። እኛን ባያስፈራን ይሻላል፤ ጥንታዊዎቹ የአክሱም ጽሑፎችም እስከ 4ኛው መቶ ዘመን ድረስ ያለ አናባቢ ነበር የሚጻፉት። እኔ የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮችን በግዕዝ፣ ማለትም በመጀመሪያው ረድፍ ፊደል ብቻ እየጻፍኩ ከቀናት በኋላ እነሱን በማንበብ ተለማመድኩ፦ «ከበደ ወደ ገበየ ሀደ»። ከበደ፣ እንደምታዩት፣ ምንም አልጎደለበትም።

ከመለያዎቹ እስከ መጀመሪያው የታወቀ ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ማለትም በ2ኛው ሥርወ መንግሥት እስከነገሠው ንጉሥ ፔሪብሰን ማኅተም ድረስ፣ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ይህን ማወቄ በራሴ ዝግታ እንዳልበሳጭ ረድቶኛል።

አሁን የምታገለው ከመረር ማስታወሻ ጋር ነው። በፒየር ታሌ የሚመራው ቡድን በ2013 እ.ኤ.አ. በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዋዲ አል-ጃርፍ ያገኘው ይህ ፓፒረስ በፈርዖን ኩፉ ዘመን የነበረ መረር የተባለ የጀልባ አለቃ ከቱራ ወደ ጊዛ የኖራ ድንጋይ ሲያመላልስ ያስያዘው የሥራ መዝገብ ነው። ጽሑፉ ሂራቲክ፣ ማለትም በቀለም የሚጣደፍ የእጅ ጽሕፈት ስለሆነ ሥዕሎቹ በቀላሉ አይለዩም። ውሎው ግን ቀን በቀን በዓምድ ተደርድሯል፤ ስለዚህ ግሶቹን ለኋላ ትቼ ቀኖቹንና ቁጥሮቹን እያወጣሁ ነው።