ዘጠኝ ፍሬ ኤሌክትሮድ

ሰኞ ጠዋት ብየዳ እያስተማርኩ ነበር። ሃያ ስድስት ልጅ፣ የሚሠራ ማሽን ሁለት፣ መብራቱ ደግሞ ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይሄዳል። ኃላፊያችን የወርክሾፑ በር ላይ ብቅ አሉ፤ ዞር ዞር ብለው አዩና ሰላም ሳይሉኝ ሄዱ። በቃ፣ የሆነው ይኸው ነው።

እኔ ግን ምሳም አልበላሁ። ባለፈው ሲኦሲ፣ ማለትም በሙያ ብቃት ምዘናው፣ ብዙ ልጆች ስላላለፉ ሊያነሱኝ ነው፣ ምትኬም አግኝተዋል፣ የአዘዞውን የቤት ኪራይ በምን ልከፍል ነው እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። በማግስቱ አንድ ልጅ ጭንብል ሳያደርግ ሊበይድ ሲል ጮኽኩበት። መጮኹስ ልክ ነው፣ ብርሃኑ ዓይን ይጎዳል። ግን የጮኽኩት ለእሱ ዓይን ብቻ አልነበረም።

የአጎቴ ልጅ የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። ፒያሳ ሻይ ይዘን ነገርኳት። አይዞህ ትለኛለች ስል እስክሪብቶ አወጣች። ልታሳየኝ የፈለገችውን ሲቢቲ ይሉታል፤ ሐሳብንና አድራጎትን እየመረመሩ በንግግር የሚሰጥ ሕክምና ነው፤ አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያመጣው ነው። ሰውየው የተከዙ ሕሙማን ሲያወሩለት፣ ነገር በገጠማቸው ቁጥር ሳይጠሩት ዘው የሚል ሐሳብ እንዳለ አስተዋለ። ሰው ያንን ሐሳብ ሳይመረምር እንደ እውነት ይይዘዋል። የእኔ ነገር!

በአቴንዳንሱ ጀርባ መስመር አሰመረችልኝ። ምን ሆነ? ሰላም ሳይሉኝ ሄዱ። ምን አሰብክ? ሊያነሱኝ ነው። ከ100 ስንት ታምነዋለህ? 90። ማስረጃ? ሰላም አላሉኝማ! "ይኼን ይዘህ ፍርድ ቤት ትቆማለህ?" አለች። ተቃራኒ ማስረጃስ? ለካ ባለፈው ሳምንት የማታውንም ክፍል ያዝልን ብለውኛል። ሊያባርሩት ላሰቡት ሰው ማን ክፍል ይጨምራል? 40 ብዬ ጻፍኩ። ዜሮ አላልኩም፣ ለምን እዋሻለሁ።

የቤት ሥራም አለው፦ ሄደህ ጠይቅ። ከሁሉ የከበደኝ ይኼ ነው፤ ሁለት ቀን አንገራገርኩ። ሐሙስ ቢሯቸው ገብቼ፣ ሰኞ ወርክሾፕ መጥተው ነበር፣ ያጠፋሁት ነገር አለ ወይ አልኳቸው። ግራ ገባቸው። "ሰኞ? እ... መሰላል ፍለጋ ነበር'ኮ።"

መሰላል! አራት ቀን የተቃጠልኩት ለመሰላል።

አሁን ወር ሊሞላኝ ነው። አንዳንድ ቀን ወረቀቱን እሷን ለማስደሰት ብቻ ነው የምሞላው፣ አልዋሽም። ክፍል ስገባ ደረቴን የሚይዘኝ ነገር ግን ቀንሷል። ሲቢቲ ለራስ ደግ ደጉን ማውራት ይመስለኝ ነበር፤ አይደለም። ባለፈው "ኤሌክትሮድ (የመበየጃ ዘንግ) የለም፣ ልጆቹ ሳይለማመዱ ሊፈተኑ ነው" ብዬ ጻፍኩና እሱንም እንድትሰብርልኝ ሰጠኋት። አንብባ መለሰችልኝ። "ይኼ ሐሳብ አይደለም፣ እጥረት ነው" አለችኝ።

ካርቶኑን ከፍቼ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ፍሬ። ከ100 የሚለው ላይ 100 ጻፍኩና የዕቃ መጠየቂያ ቅጹን፣ ሞዴል 20ን ሞልቼ ለንብረት ክፍል አስገባሁ።