ቡላና የጅማ ክረምት

ሐምሌ 19። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ አላባራም፤ እኔም ከጥንቸሌ ከቡላ ሣጥን አጠገብ በርጩማ ላይ እንደተቀመጥሁ ነጋ።

ቡላን የገዛኋት በመጋቢት ወር ጥንቸል ከሚያረባ አንድ ወጣት ግቢ ነው። ልጄ ዓይኑ ቀይ የሆነውን ነጩን መርጣ ነበር፤ እኔ ግን ክዳኑ ሲከፈት ወደ ጥግ ከመሸሽ ይልቅ አፍንጫዋን እያርገበገበች እጄን ልታሸት የቀረበችውን ቡላ መረጥሁ። ዓይኗ የጠራ፣ አፍንጫዋ ደረቅ፣ ከጅራቷ ሥር ያለው ጠጉር ንጹሕ፣ የላይና የታች ጥርሶቿም የገጠሙ መሆናቸውን አየሁ። ሻጩ በጆሮዋ አንጠልጥሎ ሊያቀብለኝ ሲል ከለከልሁት፤ ጥንቸል አንድ እጅ ከደረቷ፣ ሌላው ከኋላ እግሮቿ ሥር ሆኖ ካልተደገፈች በድንጋጤ ተፈራግጣ የገዛ አከርካሪዋን ልትሰብር ትችላለች። በደንብ የተያዘች ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት ስለምትኖር፣ ዛሬ 7 ዓመት የሆናት ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ቡላ ገና እዚሁ ልትሆን እንደምትችል ያሰብሁት ከገዛኋት በኋላ ነው።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ጥንቸልን ክፉኛ የሚጎዳው ሙቀት እኛን ብዙም አያሳስበንም፤ የሚያሳስበን እርጥበቱ ነው። ሣር በየደጁ አለ፤ ደረቅ ሣር ግን ከሰኔ በኋላ በወርቅም አይገኝም። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጉን ስለማያቆም፣ ዋና ምግቧ ጥርሷን የሚሞርድላትና አንጀቷን የሚያንቀሳቅስላት ሣር መሆን አለበት፤ በልጆች መጽሐፍ ሥዕል ላይ የምናያት ካሮት ስኳር ስለሚበዛባት በቁራጭ ብቻ ትሰጣለች። እኔም በግንቦት ያጨድሁትን ሰርዶ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ አስጥቼ በረንዳ ላይ አከማቸሁ። መጀመሪያ ሣጥኑን ያስቀመጥሁት ግቢያችን ካለው አቮካዶ ዛፍ ሥር ነበር፤ ቅጠሉም ፍሬውም ለጥንቸል መርዝ መሆኑን ስረዳ በዚያው ምሽት አነሣሁት።

የትናንቱ ጥፋት ግን የራሴ ነው። ሰርዶው ሻግቶ አገኘሁትና ጣልሁት፤ በምትኩ ለእንግዳ ከተከተፈው ጥቅል ጎመን የተረፈውን ቅጠል ሞልቼ ሰጠኋት። ከሰዓት በኋላ ከሥሯ የተነጠፈውን ጋዜጣ ልቀይር ስል አንድም በጠጥ የለበትም፤ ከመጥረግ ተገላገልሁ ብዬ ደስ አለኝ። (አሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።) ማታ ቡላ ጀርባዋን አጉብጣ፣ ጆሮዋን ጥላ፣ ጥርሷን እያፋጨች ተቀምጣ አገኘኋት። ጥንቸል ለአዳኝ እንዳትጋለጥ ሕመሟን ትደብቃለች እንጂ እንደ ድመት አትጮኽም፤ የምትናገረው በበጠጧ ነው። ሁለት ዓይነት ስትጥል፣ ለስላሳውን ራሷ ከመቀመጫዋ ተቀብላ መልሳ ትበላዋለች፤ ይህን ባወቅሁ ዕለት ኦሪት ዘሌዋውያን ከሚያመሰኩት ጋር የቆጠራት ያለ ነገር እንዳልሆነ አሰብሁ።

የእንስሳት ሐኪሙ በዝናብ መጣልን። ሆዷን በጣቶቹ ዳስሶ ያልተነፋ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ማስታገሻ ወጋት፤ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ፈሳሽ እንዴት በአፏ ጎን ቀስ እያልሁ እንደምሰጣት አሳየኝ። «እህቴ፣ ጥንቸል ምግብ ትታ ግማሽ ቀን ከቆየች ለነገ አያሳድሯት» አለኝ። ጎረቤታችን ሐጂ፣ ቡላ በመጣች ቀን «መቼ ነው የምትታረደው?» ብለው የቀለዱብኝ፣ ከጣራቸው ሥር የደረቀ ሣር በጆንያ ይዘው ብቅ አሉ።

ሊነጋ ሲል ልጄ በባዶ እግሯ መጥታ ባትሪውን ወደ ጋዜጣው አበራችና፣ «እማዬ፣ ሦስት አሉ» አለችኝ። ትንንሽና ኮስማና ነበሩ። ቡላ ከሐጂ ሣር አንዷን ሰበዝ ከጫፏ ጀምራ ወደ አፏ እየሳበች ታኝክ ነበር።