መርዶውን ስልክ ቀደመን

በእኛ ሰፈር መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሽማግሌዎች ማታውን ይመካከራሉ። የቅርብ ዘመድ በሰበብ ይጠራል። ጎረቤት ሳይተኛ ያድራል። ጠንከር ያሉ ሴቶች በሩ አጠገብ ይቆማሉ፤ እናት ስትወድቅ የሚይዟት እነሱ ናቸው። ግፊት ወይም ስኳር ካለባት መድኃኒቷ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ማንም ብቻውን ሆኖ መርዶ እንዲሰማ አይደረግም። ሟቹ ውጭ ሀገር ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል። አይደወልም። ሰው ይላካል።

በቅርቡ የተላክሁት እኔ ነበርኩ።

የምኖረው ሮም ነው። አዛውንቶችን በቤታቸው እየተንከባከብኩ እሠራለሁ፤ ጣሊያን ያለን ሰዎች "ባዳንቴ" የምንለው ሥራ ነው። ያደግሁት ግን ካሳንቺስ፣ ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ ነው። የሟች ቤተሰብ ቤት ከእኛ ቤት ጋር አጥር ይጋራል። ልጅቷ ቢሮ ሠራተኛ ነበረች። የዓመት ፈቃዷን ወስዳ፣ ቪዛ አግኝታ፣ አብሮ አደግ ጓደኛዋን ልትጠይቅ ወደ አንድ የአውሮፓ ከተማ ሄደች። በሻንጣዋ በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ ይዛላት ነበር። ልትመለስ ጥቂት ቀን ሲቀራት ተገድላ ተገኘች። የሀገሩንም የከተማውንም ስም አልጽፍም። ጉዳዩ ገና በዐቃቤ ሕግ እጅ ነው።

የነገረችን ያችው ጓደኛዋ ናት። "እናቷ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ" ብላ እያለቀሰች ለመነችን። የሰፈር ልጆች ተደዋወልን። መዋጮ ተጀመረ። እኔ ያገኘሁትን በረራ ይዤ መጣሁ። ቦሌ ወርጄ ስልኬን ስከፍት ወንድሜ ደጋግሞ ደውሏል። መልሼ ስደውልለት "አትቸኩይ፣ ሰምተዋል" አለኝ።

ያየው ታናሽ ወንድሟ ነው። ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ሲያገላብጥ የእህቱ ፎቶ ብቅ አለ። ከሥሩ የሻማ ምስል ተለጥፏል፤ ከላይ በቀይ "ማን ገደላት?" ይላል። ቪዲዮው ክፍል ሁለት ነበር። ልጁ ጮኸ። እናቱ በሌሊት ልብሳቸው ከመኝታ ቤት ሮጠው ወጡ። ሽማግሌ የለ፣ ጎረቤት የለ፣ የሚይዛቸው ሰው የለ። ግንባራቸው ከበሩ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ አብጦ አገኘኋቸው። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

በማግስቱ ድንኳን ተተከለ። ካሳንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲነሳ ብዙው የእድር አባል ወደ ገላን ጉራ ሄዷል፤ የእነሱ ቤት ያለው ባልፈረሰው በኩል ነው። ሰዎቹ ግን አልቀሩም። በሌሊት ተነስተው፣ ታክሲ እየቀያየሩ መጡ። ንፍሮው ተቀቀለ፣ ወንበሩ ተደረደረ። እግዜር ይስጣቸው።

ድንኳኑ ውስጥ ግን ከለቅሶው ጋር ሌላ ነገርም ነበር። አንዱ ጎንበስ ብሎ ስልኩን ያያል፣ አጠገቡ ላለው ያሳያል። ድምፁን ቀንሶታል፤ ቢሆንም ይሰማል። ላይቭ የገባ ሰው ካርታ ዘርግቶ ጓደኛዋ የምትኖርበትን ሕንፃና አስከሬኑ የተገኘበትን ቦታ በቀይ አክብቧል። ከተማውን ረግጦት አያውቅም፤ የሚያወራው ከሌላ አህጉር ነው። "ከዚህ እስከዚህ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? እስቲ አስሉት" ይላል። ተመልካቹ ያሰላል። አንዲት ሴት ደግሞ የጓደኛዋን የድሮ ፎቶዎች ለቅማ አንድ በአንድ ትተነትናለች። እዚህ ጋ ሳቋ የውሸት ነው፤ እዚህ ጋ በቅናት ነው የምታያት። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ሠርግ ላይ የተነሱት ፎቶ ነው።

እንግዲህ የተፈረደው በጓደኛዋ ላይ ነው። "ሸጠቻት" ተባለ። "በወንድ ተጣልተው ነው" ተባለ። "ንጹሕ ብትሆን ወጥታ ትናገር ነበር" የሚለው ግን ከሁሉም በላይ ሰው አሳመነ።

ያልተናገረችው ምስክር ስለሆነች ነው። ፖሊስ ስለ ጉዳዩ ለማንም እንዳታወራ ነግሯታል። አውሮፓ ውስጥ በብዙ ሀገር ምርመራው እስኪያልቅ ዝርዝሩ በምስጢር ይያዛል። ምስክሮች የሰሙትን ሰምተው ቃላቸውን እንዳያበላሹ፣ ተጠርጣሪም ቀድሞ እንዳይዘጋጅ ነው። እሷ ያን ሁሉ ስድብ እያነበበች አፏን የያዘችው ጓደኛዋን የገደለው ሰው እንዳያመልጥ ብላ ነው። ፖሊስ የያዘው ሰው አለ። እሷ አይደለችም። አስከሬኗን አይታ "አዎ፣ ናት" ያለችው ግን እሷ ናት። ይህን ለማንም አልመኝም።

አስከሬኑ ሲዘገይ ደግሞ ሌላ ወሬ ተወለደ። ሰው ተገድሏል ከተባለ አስከሬኑ ወዲያው ለቤተሰብ አይሰጥም። ሐኪም ይመረምረዋል። ዐቃቤ ሕግ ወይም ዳኛ "ይለቀቅ" እስኪል ይቆያል። ከዚያ የሞት ማስረጃ፣ ትርጉም፣ የቆንስላ ማኅተም፣ የታሸገ ሣጥን፣ የጭነት ቦታ። አንዱ ወረቀት ካልተሟላ ሌላው አይሄድም፤ ሳምንታት ይፈጃል። እዚህ ያለ ሰው ይህን ከየት ያውቃል? ክፍተቱን ወሬ ሞላው። "የሚደብቁት ነገር ባይኖር ሬሳዋን ይሰጡ ነበር" ተባለ። ከዚያ "ኩላሊቷ ተወስዷል" መጣ። ሐኪሙ አስከሬን ሲመረምር ከደረት እስከ ሆድ ከፍቶ ነው፤ ሲጨርስ ይሰፋዋል። የስፌቱ ነገር በወሬ ወሬ ተሻግሮ የኩላሊት ሌባ ሆኖ አረፈ።

እናቷ በሦስተኛው ቀን ከድንኳኑ ጀርባ እጄን ይዘው ጠየቁኝ። "ልጄን ሙሉዋን ነው የሚሰጡኝ?"

ሐኪሙ ለምን እንደሚከፍት፣ ምን እንደሚፈልግ፣ የገዳዩን ክስ የሚያቆመው ማስረጃ ከዚያ እንደሚገኝ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ሰሙኝ። "ታዲያ ያ ሰውዬ ለምን እንዲያ ይላል?" አሉ። በቁስላቸው ላይ እንጨት ሰደደባቸው፤ ሌላ ምን ልበል።

ግምት እንዴት ሰው ላይ እንደሚያርፍ ከኔ ሰፈር ውጭም አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኤሊሳ ላም የተባለች ካናዳዊት ተማሪ ብቻዋን ስትጓዝ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሴሲል ከተባለ ሆቴል ጠፋች። ፖሊስ የሚጠቁም ሰው ቢገኝ ብሎ የሊፍቱን ካሜራ ቪዲዮ ለቀቀ። ዓለም አየው። ብዙም ሳይቆይ አስከሬኗ ጣሪያው ላይ ካለ የውሃ ታንከር ውስጥ ተገኘ። ቤታቸው የተቀመጡ መርማሪዎች አንድ የሜክሲኮ ሙዚቀኛ ላይ ጣት ቀሰሩ፤ እዚያ ሆቴል ሆኖ የተቀረጸው ቪዲዮ ነበር፣ ሙዚቃውም ስለ ሞት ነው። ሰውየው እዚያ ያረፈው ግን ከዓመት በፊት ነበር። የግድያ ዛቻ ጎረፈበት። የአስከሬን ምርመራው ያለው በድንገት ሰጥማ ሞተች ነው፤ ባይፖላር የተባለው የአእምሮ ሕመሟም ተጠቅሷል። ያ ሁሉ ሰው ሲያድን የነበረው ገዳይ ጭራሽ አልነበረም።

ጣሊያን ለምንኖር አፍሪካውያን ደግሞ የፔሩጂያው አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሜሬዲት ከርቸር የተባለች እንግሊዛዊት ተማሪ እዚያ ስትገደል፣ የቤት ተጋሪዋ አማንዳ ኖክስ በፖሊስ ምርመራ ላይ የአንድ ኮንጎ ተወላጅ ስም ጠራች። ሰውየው እዚያው ከተማ ቡና ቤት ነበረው። ያን ማታ ሥራው ላይ እንደነበር የሚመሰክርለት ደንበኛ ተገኝቶ እስኪፈታ ሁለት ሳምንት ገደማ ታሰረ። ነፃ ቢወጣም ቡና ቤቱ ተዘጋ። ኖክስ ከግድያው ክስ እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጨረሻ ጊዜ ነፃ ተባለች፤ ጥፋተኛ ሆኖ የቀረው ሌላ ሰው ነው። እሷ ናት፣ አይደለችም በሚል ሰው በየኮምፒውተሩ ፊት ለዓመታት ሲሟገት፣ ያንን ባለ ቡና ቤት ያስታወሰው ጥቂት ነው። የምንሠራባቸው አዛውንቶች ስለዚያ ጉዳይ ሲያወሩ እኔ የማስበው እሱን ነው።

የራሳችንም ልጅ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ተወልዳ ሰሜን ጣሊያን፣ ትሬንቲኖ ተራራ ላይ ፍየል እያረባች አይብ ትሠራ የነበረችው አጊቱ ጉደታ በዲሴምበር 2020 ቤቷ ውስጥ ተገድላ ተገኘች። ከዚያ በፊት በዘረኝነት የሚያስፈራራትን ሰው ከስሳ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው ወዲያው የጠረጠረው እሱን ነው፤ ጥርጣሬው ምክንያት የሌለው አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ግን አብሯት ይሠራ የነበረ ሌላ ሰው መግደሉን አመነ። ምክንያት ያለው ጥርጣሬ እንኳ እንዲህ ይስታል። የፎቶ ሳቅ አይቶ የሚፈርደውማ ምን ይባላል?

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። የጓደኛዋ እናትም ካሳንቺስ ነበሩ፤ አሁን ያሉት ገላን ጉራ ነው። በአራተኛው ቀን ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ከበሩ አጠገብ ያለችው ጫፍ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ንፍሮ የምታዞረው ልጅ ሳህኑን ይዛ አለፈቻቸው። ስታልፋቸው አይቻለሁ፤ እሳቸውም አይተዋል። እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ መልሰው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚህ በፊት የእነዚያ ሁለት ልጆች ልደት በአንድ ድፎ ዳቦ ነው የሚከበረው።

የሟች እናት ከፍራሹ ተነሱ። ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸው ድንኳኑን አቋርጠው ሄዱና አጠገባቸው ተቀመጡ። "ልጅሽ ምን አለችሽ? ብቻዋን ነው የምታለቅሰው?" አሉ። ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ስልክ የነካ አላየሁም።

አስከሬኑ መጥቶ ፍታት ተደርጎ ተቀብራለች። አርባዋም ወጥቷል። ቪዲዮዎቹ ግን አሁንም አሉ። የጓደኛዋ ፎቶ፣ የምትኖርበት ሕንፃ፣ የምትሠራበት መንገድ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው። ሥራ ቦታዋ ድረስ ሄደው የቀረጿት ሰዎች አሉ። ለሰማንያው መጥታ መቃብሯ ላይ መቆም ትፈልጋለች። ወንድሞቿ "ሰው ቦሌ ላይ ካወቀሽ ምን ሊያደርግሽ እንደሚችል አይታወቅም፣ አትምጪ" ብለዋታል። ቪዲዮ የለቀቃችሁ፣ ሼር ያደረጋችሁ፣ ይህን የምታነቡ ከሆነ አውርዱላት። እናቷም፣ የሟች እናትም ይህንኑ እንድጽፍ ጠይቀውኛል።