ሪቬቱን ማን ሊያየው ነው?

ዛሬ ሰው ማናገር ደብሮኛል። እንዲህ ሲያደርገኝ የማደርገውን ታውቃላችሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ የዲሲ-3 አውሮፕላን ሞዴሌን አወጣለሁ። ከወዲያኛው ክፍል «ወረንጦዬን አየኸው?» የሚል ድምፅ መጣ። «አላየሁም» አልኩ። እጄ ላይ ነው።

ከምላጭ፣ ከጥፍር ሞረድ፣ ከልብስ መቆንጠጫና ከስቴኪኒ ሌላ ዕቃ የለኝም። አያስፈልግምም። አንቴና ሲያምረኝ ከሞዴሉ የተረፈውን የፕላስቲክ ዘንግ ሻማ ላይ አለሰልስና ቀስ ብዬ እስበዋለሁ፤ እስኪበቃኝ ይቀጥናል። ለትናንሾቹ መስኮቶች ነጭ ኮላ በስቴኪኒ ቀዳዳው ላይ እስባለሁ። ሲደርቅ ጥርት ይላል።

ዛሬ የሪቬት፣ የአውሮፕላኑን ቆርቆሮዎች እርስ በርስ የሚያያይዙት የትናንሾቹ ምስማሮች፣ ተራ ነበር። የስፌት መርፌ የእርሳስ ላጲስ ውስጥ ሰክቼ፣ መስመር እንዳልስት ፕላስተር ለጥፌ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። የግራው ክንፍ ሊያልቅ ሲል አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ሞዴሉ 1/72 ነው፤ ዋናው አውሮፕላን በ72 እጥፍ ይበልጠዋል። መርፌዬ የምትበሳው 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በ72 ሲባዛ 14.4 ሚሊ ሜትር! የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ሪቬት ያለው የትኛው አውሮፕላን ነው?

መርፌውን ትቼ ካልኩሌተር ያዝኩ። ፕላስቲኩ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው እንበል። ዋናው ላይ 7.2 ሳንቲ ሜትር ብረት ሆነ ማለት ነው። ይሄማ ታንክ ነው። ዲሲ-3 እ.ኤ.አ. በ1935 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበር እንዲህ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ፣ እስካሁንም መሬት ላይ ነበር። ልኩን የጠበቀው ምን ሆኖ ተገኘ? ለማብረቅረቂያ የምለጥፈው የወጥ ቤት ፎይል! 0.016 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲባዛ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከእውነተኛው አሉሚኒየም ጋር ይቀራረባል።

ርቀቱን ደግሞ አሰብኩት። ሞዴሉን የማየው ከ30 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ዋናውን ከ21.6 ሜትር ቆሞ እንደማየት ነው። ከዚያ ሆኖ ሪቬት የሚለቅም ዐይን ያለው ማን ነው? እንግዲህ በሒሳብ ከሄድን ትክክለኛው ክንፍ ልሙጥ ነው። ልሙጡን ስተወው ደግሞ የልጅ መጫወቻ ይመስላል። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ልኩን ስታሳየው የማያምን ሰው፣ አጋንነህ ስትበሳለት «ቁርጥ እውነተኛውን!» ይልሃል።

የጋቢናው ነገርማ አይነሳ። ለአብራሪዎቹ ወንበር ቀበቶ ከፕላስተር ቆርጫለሁ፤ ዘለበቱን ብርማ ቀለም ቀብቻለሁ። አካሉ ከተዘጋ በኋላ ከዚያ ሁሉ የሚታይ የለም። «እኔ እንዳለ ካወቅኩ ይበቃል» እል ነበር። ማወቄ ብቻ ከበቃ ቀበቶውንም በሐሳቤ ብሠራው ምን ነበረበት?

እንዲህ ተፈላስፌም የቀኙን ክንፍ ልበሳው ነው። ቀጠን ያለች መርፌ አግኝቻለሁ። 0.15 ብትበሳልኝ 10.8 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ እሱ ትንሽ ያሳፍራል እንጂ አያስቅም። ችግሩ ግራው በ14.4 አልቋል። ከ21.6 ሜትር ቆሞ ልዩነቱን የሚያይ ሰው ይኖር ይሆን?