ዛፍ ይቀድማል ሰው?

ዛሬ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ ዘፍጥረትን ከፍቶ "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይጋጫል እኮ" አለኝ። ነገር ፈልፋይ ነው።

እኔም አየሁት። ምዕራፍ 1 ላይ ዕፀዋት በ3ኛው ቀን፣ እንስሳት በ5ኛውና በ6ኛው፣ ሰው መጨረሻ፣ ያውም ወንድና ሴት አንድ ላይ። ምዕራፍ 2 ላይ ግን የሜዳ ቁጥቋጦ እንኳ ገና ሳይኖር አዳም ከአፈር ይበጃል፣ ከዚያ ገነት ትተከላለች፣ ከዚያ አራዊት፣ ሔዋን መጨረሻ። ቃል በቃል ካነበብከው ቅደም ተከተሉ አይገጥምም፣ ምን ልዋሽ።

ከዘጌ ጀልባ የወረዱ አንድ መሪጌታ አጠገባችን ነበሩ፤ ሰምተው ሳቁ። "ልጄ፣ ሁለተኛው የ6ኛውን ቀን ነገር ተመልሶ ያብራራል እንጂ አዲስ አይጀምርም።"

"እሺ የኔታ፣ ቁጥቋጦውስ?"

መጽሐፈ ኩፋሌ 22ቱን ፍጥረታት በ6 ቀን እንዴት እንደሚያከፋፍል በጣታቸው ሲቆጥሩለት ቡናቸው ቀዘቀዘ። ቁጥቋጦው ግን እዚያው ቀረ። ለእኔ አንዱ ቀን ይቆጥራል፣ ሌላው የሰውን ነገር ያወራል፤ ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ሰው ልዩነቱ ያልታየው አይመስለኝም።

መጨረሻ ላይ ወደ ዓባይ መውጫ እያሳዩ "ከገነት የሚወጣው ወንዝ፣ ግዮን ያውልህ" አሉት። ልጁ ወዲያው ካርታ ከፈተና "ታዲያ ሌላው የገነት ወንዝ ኤፍራጥስ ቱርክ ምን ይሠራል?"

ሁለተኛ ቡና አዘዝን።