ቡና ለቀማና የተያዘ አንገት

ጅማ ላይ ቡና ሲደርስ እኛም የፊዚዮቴራፒ ክፍል፣ ሕመምን በእጅና በእንቅስቃሴ የምናክምበት ቦታ፣ ሰው ይበዛል። ጆንያ ተሸካሚዎቹ ወገባቸውን ይዘው ይመጣሉ። ለኤክስፖርት የሚዘጋጀው አንድ ጆንያ ቡና 60 ኪሎ ነው። ያንን መኪና ላይ ሲጭን የዋለ ሰው ወገቡን ቢያመው አይገርምም። መጋዘን ውስጥ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ግን የሚመጡት በአንገት ነው። አቀርቅረው የተሰበረውንና የጠቆረውን ፍሬ ከደህናው ሲለዩ ይውላሉ። ማታ አንገታቸው አልዞር ይላል። ጠዋት ደግሞ ራስ ምታት ይጨመርበታል።

አልጋው ላይ እንደወጡ አብዛኞቹ የሚሉኝ አንድ ነው፤ «ልጄ፣ ጠንከር አድርገህ እሸው።» ካላመመ አይድንም የሚለው እምነት በጣም ሥር የሰደደ ነው። እኔ አልስማማም። ዛሬ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

የሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስናቀረቅር ይህን ክብደት ከኋላ ይዘው የሚያቆዩት የአንገትና የትከሻ ጡንቻዎች ናቸው። አንደኛው ከላይኞቹ አራት የአንገት አጥንቶች ይነሳና ከጀርባ ያለው ሰፊው የትከሻ አጥንት ጥግ ላይ ያርፋል። ለቃሚዎቹ «እዚህ ጋ» ብለው በጣት የሚያሳዩኝ ብዙ ጊዜ ያንን ጥግ ነው። ስነካው በኦሮምኛ «ና ዱኩባ!» (ያመኛል!) ካሉ ቦታውን አገኘሁት።

እዚያ ላይ በአውራ ጣት ቀስ ብዬ እጫናለሁ። አላሽም፣ ዝም ብዬ እይዘዋለሁ። ሕመሙ ከአሥር ሦስት ወይም አራት ላይ እንዲቆይ ነው የምፈልገው። ትንፋሻቸውን ከያዙ ወይም ግንባራቸው ከተቋጠረ በዝቷል፤ እቀንሳለሁ። ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴም አንድ ደቂቃ ሲሆነው ከጣቴ ሥር ላላ ይላል። ከዚያ እጄን ጭንቅላታቸው ላይ አድርጌ «በትንሹ ይግፉኝ» እላለሁ። እኔ ሳልነቃነቅ እነሱ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይገፋሉ። «አሁን ይልቀቁ።» ሲለቁት አንገቱ ቀድሞ ከሚቆምበት ትንሽ አልፎ ይሄዳል። ሦስት አራቴ ስንደግመው በር ላይ የሚጠብቃቸውን ሰው ዞር ብለው ማየት ይጀምራሉ።

የመገጣጠሚያው ሥራ ሌላ ነው። አውስትራሊያዊው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጄፍሪ ሜይትላንድ ግፊቱን በደረጃ ከፋፍሎ አስቀምጦልናል። አንደኛውና ሁለተኛው ለሕመም ናቸው፤ መገጣጠሚያው ሳይገተር ምት ጠብቆ በለስላሳው መነቅነቅ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ለደረቀ መገጣጠሚያ ነው፤ እስከሚቆምበት ድረስ ይሄዳሉ። ከዚያ በላይ «ቀጭ» የሚያሰኘው ፈጣን ግፊት አለ። አንገት ላይ እሱን አላደርግም። ብርቅ ቢሆንም ወደ አንጎል ደም የሚወስደው የደም ሥር የተጎዳበት ጊዜ አለ። ድምፁም በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ የሚፈጠር ጋዝ እንጂ አጥንት ቦታው ሲገባ አይደለም።

ስለዚህ «አጥንትዎን መለስኩልዎ» ብዬ ለማንም አልናገርም። በተለመደው የአንገት ሕመም ከቦታው የወጣ አጥንት የለም። እጅ የሚያደርገው በነርቭ በኩል ሕመሙን ማብረድና የተገተረውን ጡንቻ ማላላት ነው። ይህ እፎይታ ብዙ ጊዜ ለሰዓታት፣ ቢበዛ ለቀናት ነው የሚቆየው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንገቱ ካልተንቀሳቀሰ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና እንገናኛለን። ከአልጋ ሲወርዱ ወዲያው አገጭን ወደ ኋላ ሳብ ማድረግና ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ማቀራረብ አሳያቸዋለሁ። በየግማሽ ሰዓቱ ቀና ብለው አሥር አሥር ጊዜ ይሥሩት። ቡናውንም ከመሬት አንስተው ጠረጴዛ ላይ እንዲለቅሙት እለምናለሁ። የጅማን በርጩማ እወደዋለሁ፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግር የሚቆም ውብ ሥራ ነው። እሱ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ሲያዩ መዋል ግን ለአንገት አይሆንም።

ትከሻቸው የደረቀባቸው ሰዎች ደግሞ ልቤን ይነኩታል። ሕመሙ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል፤ በብዛት የሚታየውም ከ40 እስከ 60 ባለው ዕድሜ ነው። ፀጉር ማበጠር፣ ነጠላ ማጣፋት፣ በዚያ ጎን መተኛት ያቅታል። አንዲት እናት ቤት ውስጥ ክንዳቸው ሲጎተትና በቅባት ሲታሽ ከርሞ ነበር የመጡት። እሳት በሆነበት ወቅት ትከሻን በጉልበት መጎተት ያባብሰዋል። መጀመሪያ ያደረግሁት በጣም ትንሽ ነገር ነው። ክንዳቸውን ደግፌ የክንዱን ራስ ወደ ታችና ወደ ኋላ በቀስታ ማንሸራተት ብቻ። «ሱታ፣ ሱታ» (ቀስ፣ ቀስ) እያሉ ራሳቸው ይመሩኝ ነበር። ቤት ደግሞ ጠረጴዛ ተደግፎ ጎንበስ ብሎ ክንድን ማወዛወዝ። ጠንከር ያልነው ሕመሙ ከበረደ በኋላ ነው። ይህ በሽታ ወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይወስዳል፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን እናገራለሁ። በሁለት ሳምንት አድናለሁ የሚል ካለ አትመኑት።

ስለ ወጌሻም ሁሌ እጠየቃለሁ። ወለምታ ላይ እጃቸው የተካነ ሰዎች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። የተሰበረ እግርን በቀርከሃ ጥፍር አድርጎ ማሰር ግን ደም ያቋርጣል። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፣ ሰውየውም ሆስፒታል ይሂድ።

እኔም እጄን የማላሳርፍበት ሕመም አለ። ሌሊት የማያስተኛ የጀርባ ሕመም ከትኩሳት፣ ከላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የአከርካሪ ቲቢ እጠረጥራለሁ፤ አገራችን ውስጥ ብርቅ አይደለም። እንዲህ ያለውን ጀርባ መጫን አደገኛ ነው። ወገብ የሚያመው ሰው በእግሮቹ መሃል ከደነዘዘው ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። አንድ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመመ ደግሞ እባካችሁ አታሹት። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ይገድላል።