ሽንኩርት ተሸክሜ ከሮስኮፍ

ከፓሪስ እስከ ሞርሌ ያለውን መንገድ በእንቅልፍ ጨረስሁት። ከዚያ ወደ ሮስኮፍ ይሄድ የነበረው ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 ጎርፍ የሐዲዱን መደብ ከናደው ወዲህ ስለተቋረጠ፣ በአውቶቡስ ተሳፍሬ ረፋዱ ላይ ወደዚህች በፈረንሳይዋ ብሪታኒ ጠረፍ ወዳለች የጥቁር ድንጋይ ከተማ ደረስሁ።

ወደ እንግሊዟ ፕሊመዝ የሚሻገረውን መርከብ ፍለጋ ሻንጣዬን እየጎተትሁ በቀጥታ ወደ ጥንታዊው ወደብ ወረድሁ፤ ነገር ግን መርከቡ ይቅርና ውኃውም አልነበረም። ጀልባዎቹ ጭቃው ላይ በጎናቸው ተጋድመዋል። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ጣና በቀን ሁለት ጊዜ ቤቱን ጥሎ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ቀኑን ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ትኬቴን ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

ከጭንቀት ያወጡኝ ሽንኩርት የሚሸጡ አንድ አዛውንት ናቸው። ታላላቆቹ መርከቦች እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የሚነሡት ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ውኃው ከማይሸሽበት ከብሎስኮን ወደብ መሆኑን፣ የመርከብ ድርጅቱንም ያቋቋሙት አበባ ጎመናቸውንና አርቲቾክ የሚባለውን አትክልታቸውን ወደ እንግሊዝ ማሻገር የቸገራቸው የአካባቢው ገበሬዎች መሆናቸውን በእንግሊዝኛ አስረዱኝ። ቋንቋውን ያገኙት ከአባታቸው ነው፤ አባትዬው እንግሊዞች «ጆኒ» ከሚሏቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1828 ጀምሮ ባሕር እየተሻገሩ የሮስኮፍን ሮዝ ሽንኩርት በየቤቱ ከሚያዞሩት ነጋዴዎች አንዱ ነበሩ። ጉንጉኑን በስምንት ዩሮ ሲሸጡልኝ አልተከራከርሁም። አንድ ብርጭቆ ሻይ በአምስት ዩሮ የሸጠልኝን ካፌ ግን እስካሁን ይቅር አላልሁትም።

ጊዜ ስለተረፈኝ የክሮአዝ ባ እመቤታችንን ቤተ ክርስቲያን ተሳለምሁ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ነጋዴዎችና ባለ መርከቦች ስለነበሩ፣ መርከቦቻቸው በግድግዳው ድንጋይ ላይ ተቀርጸዋል። ከዚህ ይልቅ ያስገረመኝ የደወሉ ማማ ነው፤ ከላይ የድንጋይ መድፎች አፋቸውን አውጥተው ይታያሉ። በቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል እንጂ መድፍ አይቼ ስለማላውቅ፣ አማትቤ ትንሽ ቆየሁ።

ብሎስኮን ድረስ በእግሬ ሄድሁ፤ ነፋሱ ጃንጥላዬን ሰበረው። መርከቡ ላይ ስድስት ሰዓት ያህል ሽንኩርቱን አቅፌ ተቀመጥሁ፤ አጠገቤ የነበሩት ባልና ሚስትም በትሕትና ወንበር ቀየሩ።

ፕሊመዝ የምትኖረው እህቴ ጉንጉኑን በእጇ መዘነችና፣ «ይኼ እኮ ለአንድ ዶሮ ወጥ አይበቃም» አለችኝ።